አዲስ የጨው ውሃ አኳሪየም፦ ውሃው ሳይቆሽሽ ዓሦቹን አጥግቦ ማኖር

አዲስ የጨው ውሃ አኳሪየም ያቆመ ሰው ሁለት ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ውሃው እንዳይቆሽሽ፣ ዓሦቹ እንዳይራቡ። አብዛኛው ሰው ሁለቱን ለየብቻ ይይዛቸዋል። ጠዋትና ማታ እጁ የዘገነውን ያህል ይመግባል፤ ቅዳሜ ሲደርስ ጎማና ባልዲ ይዞ ያጸዳል። እኔም የመጀመሪያዎቹን አምስት ወራት ያሳለፍኩት እንዲሁ ነበር። ዓሦቹ ወደ መስታወቱ ሲጠጉ ደስ ይለኝና እጨምርላቸዋለሁ። መስታወቱ ግን በሦስት ቀን ይለብሳል፣ ድንጋዩም አረንጓዴ ጸጉር ያበቅላል። ደጋግሜ አጸዳሁ፣ ደጋግሜ ውሃ ቀየርኩ፤ ነገሩ መልክ የያዘው የምግብ ማንኪያውን መቆጣጠር ስጀምር ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከውጭ ወደ ገንዳው የሚገባው ቆሻሻ ከሞላ ጎደል ሁሉም ምግብ ሆኖ የሚገባ ነው። ዓሣ የበላውን ፕሮቲን ከተጠቀመበት በኋላ ትርፉን አሞኒያ አድርጎ፣ በአብዛኛው በሚተነፍስበት ስንጥብ በኩል፣ ወደ ውሃው ይለቀዋል። ሳይበላ የቀረው ደግሞ ድንጋይ ሥር ገብቶ ይበሰብስና እሱም አሞኒያ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ ጽዳትንና አመጋገብን አብሬ ነው የማስኬዳቸው።

ዓሣ ከመግባቱ በፊት፦ ገንዳው ይብሰል

አሞኒያን ከውሃው የሚያነሱልን ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይቀይራል፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት። አሞኒያ ዓሣ ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን መጠኑ እስካልበዛ ድረስ ዓሣ ይችለዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በድንጋዩ፣ በአሸዋውና በማጣሪያው ላይ ተለጥፈው ነው። በዝተው ሥራቸውን እስኪችሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል፤ ገንዳው በሰለ የሚባለው ያኔ ነው።

በጨው ውሃ ላይ ጥድፊያ የባሰ የሚያስጠይቅበት ምክንያት አለ። አሞኒያ በውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው ብዙም የማይጎዳ፣ ሌላው መርዛማ። ፒኤች፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት ወይም የአልካሊነት ልክ፣ ከፍ ባለ ቁጥር መርዛማው ድርሻ ይጨምራል። የባሕር ውሃ ፒኤች ከ8.1 እስከ 8.4 ነውና፣ ተመሳሳይ የአሞኒያ መጠን ፒኤቹ 7 በሆነ ውሃ ውስጥ ካለው ይልቅ እዚህ መርዛማ ድርሻው ከ10 እጥፍ በላይ ነው። የወንዝና የሐይቅ ዓሣ አርብተው የለመዱ ሰዎች የመጀመሪያውን የባሕር ዓሣቸውን በቶሎ የሚያጡት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ባክቴሪያዎቹን ለማባዛት ገና ዓሣ በሌለበት ገንዳ ውስጥ የአሞኒያ ምንጭ ያስፈልጋል። ለዚሁ የተዘጋጀ የአሞኒየም ክሎራይድ ጠብታ መጠቀም ይቻላል፤ ካልሆነም በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጣሉ እንዲበሰብስ መተው ይሠራል። ገንዳው መብሰሉን የሚያረጋግጡት በዚህ ነው፦ የአሞኒያው መጠን በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪደርስ ጨምረው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆነ በስሏል። ወደ ዜሮ ካልወረደ ገና ነው። ውሃው የጠራ ስለሆነ ብቻ አይታለሉ፤ አሞኒያ ቀለም የለውም።

ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ዓሣ ያስገቡና ሌላ ከመጨመርዎ በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። ባክቴሪያው የሚያድገው በሚያገኘው ምግብ ልክ ነው። ስድስት ዓሣ በአንድ ቀን ሲገባበት አይደርስበትም። አዲስ ዓሣ ቢቻል በሌላ ትንሽ ገንዳ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ለብቻው ቢቆይ እመርጣለሁ። ገላው ላይ የጨው ፍሬ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ጥገኛ ተውሳክ አንዴ ዋናው ገንዳ ከገባ ማስወጣቱ የወራት ሥራ ነው።

ውሃውና ጨው

የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ ንጹሕ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ክሎሪን ወይም ክሎራሚን አለበት፤ ከዚያም ሌላ አልጌ የሚቀልበው ፎስፌትና ሲሊኬት፣ አንዳንዴም ከቱቦ የሚመጣ መዳብ ሊኖርበት ይችላል። የሚበጀው በአርኦ/ዲአይ ማጣሪያ፣ ማለትም ውሃን በስስ ሽፋንና በሙጫ መሰል ፍሬ በሚያጣራ መሣሪያ፣ ያለፈ ውሃ ነው። ማጣሪያው በደህና እየሠራ መሆኑን በውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር ብዛት በሚያሳይ ቲዲኤስ መለኪያ ይዩ፤ ንባቡ ዜሮ መሆን አለበት። ከዜሮ ከፍ ማለት ሲጀምር ሙጫ መሰሉን የመጨረሻ ማጣሪያ የሚቀይሩበት ጊዜ ደርሷል።

ጨዉ ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ድብልቅ ይሁን፤ የምግብ ጨው ካልሲየምና ማግኒዚየም ስለሚጎድለው አይተካውም። በሊትር ወደ 35 ግራም ገደማ ይፈልጋል፤ ትክክለኛውን መጠን ማሸጊያው ላይ ያገኙታል። በባልዲ ወይም በበርሜል ውስጥ ይበጥብጡት፣ ትንሽ ፓምፕና ማሞቂያ ይጨምሩበትና እስከ ማግሥቱ ሲሽከረከር ይደር። ጨው ዓሣ ባለበት ገንዳ ውስጥ በቀጥታ አይነስንሱ፤ ያልሟሟ ፍሬ ያረፈበትን ገላ ያቃጥላል።

የጨው መጠኑን በሪፍራክቶሜትር ይለኩ፤ የምንፈልገው 1.026 (ከንጹሕ ውሃ አንጻር ያለው ክብደት) ወይም በሺ 35 የሚለውን ነው። መሣሪያው ራሱ በጊዜ ብዛት ስለሚዛባ፣ ልኩ በታወቀ ባለ 35 ፈሳሽ በየወሩ ያስተካክሉት።

አሁን ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ውሃ ሲተን ጨዉ አብሮ አይሄድም። 100 ሊትር ውሃ ውስጥ 3500 ግራም ጨው አለ እንበል። በሳምንት 5 ሊትር ቢተን ጨዉ እዚያው ነው። የጎደለውን ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ከሞሉት ወደ ነበረበት ይመለሳል። በጨው ውሃ ከሞሉት ግን በሳምንት 175 ግራም ይጨምራል፤ በአራት ሳምንት ከ35 ተነሥቶ 42 ይደርሳል። ዓሣው ቀስ በቀስ ይደክማል፣ ባለቤቱም ምን እንደነካው አያውቅም። እኔ ገንዳው በተሞላበት ቀን በውሃው ልክ መስታወቱ ላይ በቀጭን ቴፕ ምልክት አድርጌያለሁ። በየጠዋቱ ከቴፑ ዝቅ ብሎ ካየሁት፣ የጎደለው ንጹሕ ውሃ ነው፤ የምተካውም በንጹሕ ውሃ ነው።

በየቀኑ፦ አምስት ደቂቃ

ቴርሞሜትሩን ይዩ፤ 25 ወይም 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሆኖ ከቀን ቀን ብዙም ባይዋዥቅ ጥሩ ነው። የተነነውን ይተኩ። ፓምፑና ስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) መሥራታቸውን በጆሮም በዓይንም ያረጋግጡ። ከዚያ ዓሦቹን ይቁጠሩ። ቁጠሩ ስል ከልቤ ነው። አንዱ ከጠፋ ድንጋይ ሥር ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ በትንሽ ገንዳ ውስጥ አንድ የሞተ ዓሣ በአንድ ሌሊት አሞኒያውን ከፍ ያደርገዋል። ለመቁጠር የሚመቸው ሰዓት ደግሞ ምግብ የሚሰጥበት ነው፤ ሁሉም ይወጣልና።

አመጋገብ

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ሌላው ሁሉ የሚበላሸው ወይም የሚቃናው እዚህ ነውና።

በመጀመሪያ ዓሣዎ ምን እንደሚበላ ይወቁ። ክላውንፊሽ የመጣለትን ይበላል፤ ሥጋም አልጌም ይስማማዋል። ሮያል ግራማና ፋየርፊሽ ከውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ጥቃቅን ሥጋ ነክ ነገር ይለቅማሉ። ታንግ የሚባሉት ቀኑን ሙሉ አልጌ ሲግጡ የሚውሉ ናቸው፤ ሥጋ ብቻ ከተሰጣቸው ይጎሳቆላሉ። አንቲያስ ደግሞ በተፈጥሮው ውሃው ይዞለት የሚመጣውን ሲለቅም ስለሚውል፣ በቀን አንዴ ጠቀም አድርጎ መስጠት አያጠግበውም፤ ሦስት አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት አንቲያስን ለአዲስ ገንዳ አልመክርም፤ የሚጠይቀው ምግብ ገና ያልጠና ገንዳ ከሚችለው በላይ ነው።

ማንዳሪን የተባለውን በቀለም ያጌጠ ዓሣማ ጭራሹን አያስቡት። የሸጠልኝ ሰው ማንኛውንም ነገር ይበላል ብሎኝ ነበር። አፉ ጠባብ ነው፤ ድንጋይ ላይ የሚርመሰመሱ ኮፔፖድ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳትን አንድ በአንድ እየለቀመ ነው የሚኖረው፣ አዲስ ገንዳ ደግሞ እነሱን ገና አላፈራም። የማቀርብለትን ሁሉ አየት አድርጎ እያለፈ በስድስት ሳምንት ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ምግብ በሞላበት ቤት በረሃብ ሞተ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለአብዛኞቹ ጀማሪ ዓሦች የሚሆነው ሁለት ዓይነት ምግብን ማፈራረቅ ነው፦ ጥሩ ፍሬ ምግብና በረዶ የሆነ ምግብ። ከበረዶ ምግቦች ማይሲስ ሽሪምፕን አስቀድማለሁ። ብራይን ሽሪምፕን ዓሦች ይወዱታል፣ ነገር ግን በቫይታሚንና በስብ ካልዳበረ ገንቢነቱ አነስተኛ ነው። አዲስ መጥቶ እምቢ ያለ ዓሣን አፍ ለማስከፈት ይጠቅማል፤ የዘወትር ቀለብ ግን አይሁን። ፍሬ ምግብ ሲመርጡ መጠኑ ከዓሣው ዓይን የማይበልጠውን ይያዙ። ትልቅ ከሆነ ዓሣው አፉ ውስጥ አስገብቶ ይተፋዋል፤ ደግሞ ያስገባል፣ ደግሞ ይተፋል፤ በመጨረሻም ይተወውና አሸዋው ላይ ይቀራል።

በረዶውን እንዳለ ገንዳው ውስጥ አይጣሉ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከገንዳው ውሃ በትንሽ ብርጭቆ እቀዳለሁ፤ የሚበቃውን ቆርሼ እጨምርበትና አሥር ደቂቃ ይሟሟል። ውሃው ወደ ቡናማ ያደላል፤ ያ ጭማቂ ፎስፌት አለበት፣ ከዓሦቹም አፍ የማይገባ ነው። በጥቅጥቅ ወንፊት አጥልዬ ጭማቂውን እደፋለሁ፣ ሥጋውን ብቻ በንጹሕ የገንዳ ውሃ መልሼ እበጠብጣለሁ። ለሁለት ክላውንፊሽ የአንድ ኩብ፣ ማለትም የአንድ የበረዶ ምግብ ቁራጭ፣ ሩብ ይበቃል። ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ የዓሣው ሆድ ምን ያህል እንደሆነ ግን በዓይንዎ ይለኩት።

ከዚያ ውሃ የሚያሽከረክረውን ፓምፕ ለአሥር ደቂቃ ያጥፉ፤ ምግቡ ወደ ማጣሪያው ተስቦ እንዳይቀር ነው። መልሰው ማብራቱን እንዳይረሱ ስልክዎ ላይ ሰዓት ይሙሉ። ምግቡን በፕላስቲክ መርፌ ወይም በረዥም ጠብታ መስጫ በትንሽ በትንሹ ይልቀቁት። ሁለት ክላውንፊሾች ካሉ ትልቋ ሴቷ ናት፤ ቀድማ የምትበላውም እሷ። ትንሹ ወንድ ከጎኗ ቆሞ እንዳይጾም ግማሹን በገንዳው በሌላኛው ጫፍ ይስጡ። የጣሉት እስኪበላ ሳያዩ ሁለተኛውን አይጨምሩ። በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቀውን ያህል፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፤ ከዚያ በላይ የሚሄደው ለአልጌው ነው።

ዓሣ ሁልጊዜ የተራበ ይመስላል። ሰው ሲጠጋ መስታወቱ ላይ መደነሱ ልማድ ነው፤ ረሃቡን የሚነግርዎት ሰውነቱ ነው። ከፊት ለፊት ሆነው ይዩት፤ ሆዱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ወይም ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ሥጋ ከሳሳ ይጨምሩለት። ሆዱ በመጠኑ ሞልቶ ከሆነ በቂ እያገኘ ነው።

ታንግ ካለ ቅመምና ዘይት ያልገባበት ደረቅ የባሕር አልጌ፣ ማለትም ኖሪ፣ ቆርጠው በመቆንጠጫ መስታወቱ ላይ ያያይዙለት። ማታ የተረፈውን ያውጡ። እስከ ማግሥቱ ከቆየ ተበጣጥሶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል።

አዲስ ዓሣ በመጀመሪያው ቀን ባይበላ አይደንግጡ። መብራቱን ይቀንሱ፣ ቁንጥር ብቻ ያቅርቡ፣ ካልነካው መልሰው ያውጡት። ብዙዎቹ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይጀምራሉ።

በየሳምንቱ፦ ውሃ መቀየርና ማጽዳት

በሳምንት ከጠቅላላው ውሃ 10 በመቶ መቀየር ለአዲስ ገንዳ ጥሩ ልማድ ነው። ከዚህ ብዙ ግን አይጠብቁበት። ናይትሬትዎ በሊትር 40 ሚሊግራም ቢሆን፣ 10 በመቶ ሲቀይሩ 36 ይሆናል፤ በሳምንቱ ያለ ልክ ከመገቡ መልሶ 40 ይገባል። የውሃ ቅየራ የተመጣጠነ አመጋገብን ያግዛል፤ ከልክ ያለፈውን ግን አይሸፍነውም።

1. ከትናንት ያደረውን አዲስ ውሃ ይለኩ፤ ጨዉና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር ይመሳሰል።

2. ማሞቂያውንና ፓምፖቹን ያጥፉ። ማሞቂያ ከውሃ በላይ ሆኖ እየሠራ ከቆየ ይሰነጠቃል።

3. እጅዎን በውሃ ብቻ ደጋግመው ይታጠቡ፤ ሳሙናና ቅባት ገንዳው ውስጥ መግባት የለበትም። ባልዲዎቹም ለዚህ ሥራ ብቻ የተለዩ ይሁኑ።

4. መስታወቱን በማግኔት መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይፋቁ። አሸዋው ጋ ሲደርሱ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብለው ያቁሙ። ማግኔቱ ውስጥ የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት መስታወቱ ላይ የማይሽር ጭረት ትተዋለች፤ እኔ ጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሄደ አንድ አለ። የታችኛውን ክፍል በፕላስቲክ ካርድ በእጅዎ ይጥረጉ።

5. ድንጋዮቹ ላይ የተከማቸውን ደለል በትንሽ ፓምፕ ወይም በመርፌው ውሃ እየረጩ ያስነሱ። ኮራል ካለ ጓንት ያድርጉ፣ ድንጋዩን ከውሃ አውጥተው አይፋቁ፣ በምንም ምክንያት አይቀቅሉ። ዞአንቲድ በሚባሉት አንዳንድ ኮራሎች ውስጥ ያለው ፓሊቶክሲን በእንፋሎት ሰው ሆስፒታል የሚያስገባ መርዝ ነው።

6. በጎማው ውሃውን እየሳቡ ደለሉን አብረው ያውጡ። አሸዋውን በአንድ ጊዜ ሙሉውን አያምሱ፤ በዚህ ሳምንት አንድ ሦስተኛውን፣ በሚቀጥለው ሌላውን።

7. አዲሱን ውሃ በዝግታ ያስገቡ፣ ከዚያ ሁሉንም መልሰው ያብሩ። ስኪመሩ ለጥቂት ሰዓት ቢያብድ፣ አረፋ ቢያበዛ፣ የተለመደ ነው።

ውሃውን የሚያጠልለው ከረጢት ወይም ስፖንጅ ግን ሳምንት አይጠብቅ፤ በሦስት አራት ቀን ይቀየር። የያዘው ቆሻሻ እዚያው ሆኖ ይበሰብሳል፤ ሳይወጣ የቆየ ከረጢት እንዳልተጣለ የቆሻሻ ቅርጫት ነው። ባክቴሪያ የሚኖርባቸውን ቀዳዳ ያላቸው የማጣሪያ ድንጋዮች ደግሞ በቧንቧ ውሃ አይጠቡ፤ ክሎሪኑ ይገድላቸዋል። ከገንዳው በወጣው ውሃ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል።

ስለ ስኪመር ጥቂት ልበል። በጨው ውሃ ውስጥ የአየር አረፋ ደቃቅ ሆኖ ብዙ ይቆያል፤ ፕሮቲንና ቅባት ነክ ቆሻሻ ደግሞ አረፋው ገጽ ላይ ይጣበቃል። ስኪመሩ አረፋውን ወደ ላይ ገፍቶ ወደ ኩባያው ያፈሰዋል፤ ስለዚህ ቆሻሻው ሳይበሰብስ ይወጣል። አዲስ ስኪመር እስኪለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ኩባያው ውስጥ ጥቁር ሻይ የመሰለ ፈሳሽ ካዩ ልኩ ነው። ንጹሕ ውሃ እየሞላ ከሆነ በስኪመሩ ውስጥ ያለውን የውሃ ከፍታ ይቀንሱ። የኩባያውን አንገት በየሁለትና ሦስት ቀኑ ይጥረጉ፤ እዚያ የሚለጠፈው ቅባት አረፋው እንዳይወጣ ያግዳል።

ከጠርዙ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ጨው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፣ በተለይ ኤሌክትሪክ ሶኬት አጠገብ ያለውን። ገመዶቹ ሁሉ ከሶኬቱ በታች ወርደው እንደገና ወደ ላይ ይውጡ፤ ውሃ በገመዱ ላይ ቢንጠባጠብ ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ ወለል ላይ ይወድቃል። ፓምፖቹን በየሦስት ወሩ ግማሽ ውሃ ግማሽ ነጭ ኮምጣጤ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፈው፣ በደንብ አለቅልቀው ይመልሱ።

ቀለም ሲመጣ

ገንዳው ከበሰለ በኋላ አሸዋው ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ይነጠፋል። ዲያቶም ነው፤ ሲሊኬቱን ሲጨርስ በጥቂት ሳምንታት ራሱ ይሄዳል። ጥረጉት፣ ታገሡት፤ መድኃኒት አያስፈልገውም።

አረንጓዴ ጸጉር ሲሆን ግን ፎስፌትና ናይትሬት በዝቷል ማለት ነው። በእጅ ይንቀሉት፣ መብራቱን በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያድርጉ፣ ምግቡን ይመርምሩ። አልጌው ብዙ ሆኖ መለኪያው ዜሮ ቢያሳይዎት አይገረሙ፤ ያለውን ሁሉ አልጌው ራሱ እየጠጣው ነው። ቀይ ቀጭን ምንጣፍ የመሰለ፣ ሲነኩት እንደ ጨርቅ የሚላቀቅ ከሆነ ሳያኖባክቴሪያ ነው። በጎማ ስበው ያውጡት፣ ውሃው ረግቶ የሚቆምበት ጥግ ላይ ደግሞ የፓምፑን አቅጣጫ ያዙሩ።

አንዱ ግን ከሌሎቹ ይለያል። ቡናማ ልጋግ የመሰለ፣ የአየር አረፋ ያንጠለጠለ፣ ማታ ቀንሶ ቀን የሚመለስ ካዩ ዲኖፍላጀሌት ሊሆን ይችላል። ይሄኛው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ በሆኑበት ውሃ ነው። ስለዚህ ውሃውን ፈጽሞ ማራቆት ግባችን አይደለም። ናይትሬት በሊትር ከ5 እስከ 20 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 መካከል ቢሆን ምቹ ነው።

አጋዥ እንስሳት

ገንዳው ላይ የሚታይ አልጌ ሲኖር ትሮከስ ቀንድ አውጣ ያስገቡ፤ ሳይኖር ካስገቡት ይራባል። ለአሸዋው ናሳሪየስ የሚባለው አለ፤ እሱ አልጌ አይነካም፣ የተረፈ ሥጋ ነው የሚፈልገው። ቀኑን ሙሉ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይውላል። ማይሲሱ ውሃውን ከነካ ትንሽ ቆይቶ አሸዋው ይሰነጠቅና የዝሆን ኩምቢ የመሰለች ቀጭን ቱቦ ብቅ ትላለች፤ ወዲያ ወዲህ እያለች ታሸትታለች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቀንድ አውጣው አሸዋውን እየጣሰ ይወጣል። ሳያቸው በጣም ደስ ይለኛል፤ ደግሞም ይጠቅሙኛል። ምግብ ከሰጠሁ ከሩብ ሰዓት በኋላ አሁንም አንድ ቦታ ተሰብስበው ከሆነ፣ እዚያ ሳይበላ የቀረ አለ ማለት ነው፤ ነገ እቀንሳለሁ።

ለዓሣ ሕመም የሚሰጥ መዳብ ያለበት መድኃኒት ቀንድ አውጣን፣ ሽሪምፕንና ኮራልን ይገድላል። ሕክምናው በተለየ ገንዳ ይሁን።

ነገር ሲበላሽ

ዓሦቹ ከውሃው ጫፍ ሆነው ቶሎ ቶሎ ከተነፈሱ፣ ወይም ውሃው እንደ አጓት ከደፈረሰ፣ ወዲያው አሞኒያ ይለኩ። ከዜሮ በላይ ከሆነ ምግብ ያቁሙ፣ የሞተ ነገር ይፈልጉ፣ ከ25 እስከ 50 በመቶ ውሃ ይቀይሩ፣ አየር የሚነፋ ፓምፕ ያስገቡ። በማግሥቱ እንደገና ይለኩ። ለዚህ ቀን ሲባል የተዘጋጀ የጨው ውሃ በክዳን በርሜል ሁልጊዜ ቢኖር፣ ሌሊት ላይ ጨው ለመበጥበጥ ከመሮጥ ያድናል።

መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው፤ ሞቃት የጨው ውሃ ከመጀመሪያውም የሚይዘው ጥቂት ነው። በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ይያዙ። ከሌለ በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ። መብራቱ እስኪመጣ አይመግቡ፤ የበላ ዓሣ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። በክዳን የታሸገ ማጣሪያ ካለዎትና ብዙ ሰዓት ቆሞ ከነበረ፣ ውስጡ የቀረውን ውሃ ሳይደፉ አያብሩት፤ አየር አጥቶ የከረመው ውሃ ተመርዞ ይሆናል።

ከቤት ሲርቁ፣ ሦስትና አራት ቀን ከሆነ ጤነኛ የደረሱ ዓሦች ሳይበሉ ይቆያሉ፤ ማንንም አያስቸግሩ። ከዚያ ከበለጠ ምግቡን የየቀኑን በትንንሽ ወረቀት ጠቅልለው ቀኑን ይጻፉበት፣ የቀረውን ዕቃ ግን ይደብቁ። እኔ አንድ ጊዜ ጣሳውን እንዳለ ለዘመድ ትቼ ሄጄ ነበር። አዘነላቸውና በቀን አራት ጊዜ መገበ፤ ስመለስ ውሃው ነጭ ነበር፣ ከአምስቱ ዓሦች የቀሩት ሁለት። ሰውየው ያደረገው በደግነት ነው፤ ጥፋቱ ልኩን ሳላሳይ የሄድኩት የእኔ ነው። አሁን ለሚመጣው ሰው የመጀመሪያውን ጥቅልል አብሬው ሆኜ አስጥለዋለሁ፤ ዓሦቹ በልተው ሲጨርሱም አብረን ቆመን እናያለን።